የማይሸጠው የሸምሱ ሞተር

መርዶ በስልክ እንደማይነገር ፎዚያ አሳምራ ታውቃለች። እኔ ግን ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሂርና ሄጄ ነበር፤ የሙስሊም ቀብር ደግሞ ሰው አይጠብቅም። እንዳያመልጠኝ ብላ ደወለች። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ግማሹን ይሰጣል፣ ግማሹን ይውጣል።

«አስቴር፣ ሸምሱ ሞተ…» ስትል መስመሩ ተንኮሻኮሸ።

እኔም፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅ ብዬ «ደግሞ ከየት አገኘ?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ሞተሩን ነዋ።»

ፎዚያ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ስትናገር ቃሉን ለይታ ታስቀምጠዋለች እንጂ አታሽሞነሙነውም። «አስቴር፣ ሞተር አይደለም» አለችኝ። «ሞተ ነው። ‹ር› የለውም።»

ከጉባኤው አዳራሽ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። መሀል ላይ ደግሞ ሳቄ መጣ፤ አላፊ አግዳሚው ምን እንዳሰበ እንጃ። ሸምሱ ቢሰማ «መርዶዬንም አላገጥሽበት?» ብሎ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። እንዲህ ያለ ስህተት በሌላ ሰው ሞት ላይ አይሠራም። በእሱ ላይ ግን ይሠራል፤ ጭሮ ውስጥ የሸምሱ ስም ያለ ሞተር ተጠርቶ አያውቅም።

ሸምሱ የሱቅ ጎረቤቴ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ የሠርግ ሱፍ አጠብባለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ከስፌት መኪናዬ እስከ እሱ ባንኮኒ አንድ በረንዳ ነው። ፎዚያ ከፊት ለፊታችን ቲማቲምና ቃሪያዋን ዘርግታ ትቀመጣለች። የሸምሱ አባት ከስልጤ አገር መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ ሰው ነበሩ። እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ኦሮምኛውን እንደ ገበሬ፣ አማርኛውን እንደ ደላላ ይናገራል፤ ስልጥኛው የሚወጣው ሲናደድ ብቻ ነው። ከተማችንን ግማሹ ሰው ጭሮ፣ ግማሹ አሰበ ተፈሪ ይላታል። ሸምሱን «አንተ የትኛውን ትላለህ?» ብትሉት «ደንበኛው ያለውን» ይላችኋል።

የማይሸጠው ነገር አልነበረም። ሚስማር፣ ስኳር፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የሙሽራ ሽቶ፣ ያገለገለ ጄሪካን። አንድ ቀን ዝናብ ላይ ጃንጥላውን ዘርግቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ አንድ መንገደኛ ዋጋ ጠየቀው፤ ውሃ የገባች አይጥ መስሎ ቤቱ ደረሰ። የተቀመጠበትን ወንበር ሸጦ ሳምንት ሙሉ ቆሞ ነግዷል። የእኔን መቀስ ሸጧል። ስጮህበት «ጥሩ ዋጋ ስለመጣ ላንቺው ብዬ ነው» አለና የተሻለ መቀስ አመጣልኝ፤ እሱንም ውሎ አድሮ ሸጠው። «ዕቃ እንግዳ ነው» ይል ነበር። «ሲያድር ያምራል፣ ሲሰነብት ይከብዳል።» ሚስቱ ዘይነባ ደግሞ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ስታየኝ «ተነሺ ከዚያ፣ አንቺንም ይመዝንሻል» ትለኝ ነበር።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ አንድ ዕቃ ወድዶ አልሸጥም ያለው።

ነገሩ የጀመረው በወጣትነቱ ነው። ድሬዳዋ አጎቱ ሱቅ ሲሠራ፣ በር ላይ ቆሞ ሳለ ነጭና ሰማያዊ የእሽቅድምድም ሞተር በፊቱ አለፈ። አለፈ ሲባል እሱ እንደሚያወራው «መጀመሪያ አለፈ፣ ቀጥሎ ድምፁ መጣ፣ እኔ ዘወር ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው»። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ከጅቡቲ በባቡር ያስመጣው ነው ተባለ። ጃፓኖች ለውድድር ብለው የሠሩት፣ ለመንገድ ደግሞ በጥቂቱ ብቻ ያወጡት ዓይነት ነው ተባለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸምሱ ሹፌር ባገኘ ቁጥር «እንዲህ ያለ ሞተር የሆነ ቦታ አላየህም?» ማለት ልማዱ ሆነ። መንግሥት ተለወጠ፣ አገባ፣ ወለደ፣ አባቱን ቀበረ፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

ሞተር መንዳት ይችል ነበር? አይችልም። ብስክሌትስ? እሱንም አይችልም። ይህን ሁልጊዜ አነሳበታለሁ። አንድ ቀን ሰለቸውና «አስቴር፣ ቤትሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ምንጣፍ አለ አይደል? አንበሳ ያለበት?» አለኝ።

«አለ።»

«ትጋልቢዋለሽ?»

ሚሊኒየሙ ሊከበር ሰሞን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቦርደዴ ውስጥ አየሁ አለው። እኔም ቦርደዴ ለሚገኝ ትምህርት ቤት የሰፋሁትን ዩኒፎርም ማድረስ ነበረብኝና አብረን ወረድን። መሐንዲሱ ወደ አገሩ ሲመለስ ሞተሩን ለዘበኛው ጥሎለት ሄዶ፣ ዘበኛው ደግሞ ጡረታ ሲወጣ ወደ ትውልድ ቦታው ይዞት መጥቶ ኖሯል። ያው ድሬዳዋ ያየው ራሱ ይሁን መንታው እኔ አላውቅም። ሸምሱ ግን «ራሱ ነው» ብሎ ማለ።

ዘበኛው ወደ ጓሮ ወሰደን። ሸራውን ሲገልጠው ወንበሩ ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች። እኔ ያየሁት ዶሮዋን ነው። ሸምሱ ያየው ሌላ ነው፤ ከንፈሩ ደረቀ። ደግነቱ ነጋዴ ነውና ፊቱን ወዲያው ሰበሰበ፤ «ይሄ ብረት ነው?» ብሎ ክርክር ጀመረ። ሊሄድ ተነስቶ በሩ ላይ ደርሶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይነሳል። ዘበኛው ደክሞት እጁን ሰጠ። ያልሰጠችው ሚስቱ ናት።

«ሞተር ውሰድ» አለችው ሴትዮዋ በተሰባበረ አማርኛ። «ዶሮ የት ይታቀፋል?»

ይህን ጊዜ የጭሮው ተከራካሪ ዶሮዋንም ገዛት። ስንመለስ ሞተሩ ቲማቲም በጫነ መኪና ላይ በገመድ ታስሮ፣ ዶሮዋ እኔ እቅፍ ውስጥ፣ እንቁላሎቹ ሸምሱ ኮፍያ ውስጥ ሆነው ዳገቱን ወጣን። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። «ዶሮዋ ትግባ» አለች።

ሞተሩም ገባ። ያውም ሳሎን፣ ዘይነባ ቡፌ አስቀምጥበታለሁ ስትል በኖረችው ግድግዳ ሥር። ሸምሱ ለሕፃን ገላ በሚሆን ጨርቅ አጠበው፣ ወለወለው፣ ጎማው ምንጣፍ እንዳያቆሽሽ ካርቶን አነጠፈለት። ዘይነባ ሰው ሲመጣ እንዳያሳፍራት ብላ ከአፍንጫው እስከ ጭራው የሚያለብስ ነጭ ዳንቴል ሠራችለት፤ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው። የሠሩት ጃፓኖች ያንን ዳንቴል ቢያዩ ፋብሪካቸውን ይዘጉ ነበር።

ለከተማው ሰው ያልገባው ነገር ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ወንበሩ አንድ ነው፤ ከኋላ ሰው ማስቀመጫ የለውም። እኛ አገር ሞተር ማለት ነጂው፣ ሚስቱ፣ መሀላቸው ልጅ፣ ከልጁ ጎን ደግሞ አንድ እስር ጫት ማለት ነው። ሰውን «ልሸኝህ» የማይል ሞተር ተሠርቶ ያውቃል? ፎዚያ «ዶቅና» ብላ ስም አወጣችለት፤ ቆንቋናው ማለቷ ነው። ስሙም ጸደቀ።

ከዚያ ጨረታው መጣ። በገበያችን ሻጭ «አይሸጥም» ካለ «ጨምር» ማለቱ ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ሸምሱ ራሱ ዕድሜውን ሁሉ በዚህ ቃል እንጀራ የበላ ሰው ነው፤ የዛገ ማጭድ ይዞ «ይሄማ አይሸጥም፣ የአባቴ ማስታወሻ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን የእውነቱን «አይሸጥም» ሲል ማን ይመነው? አንድ ጫት ነጋዴ የላም ዋጋ አቀረበ። አይሸጥም አለ። ከበደሳ የመጣ የቡና ነጋዴ የጥንድ በሬ ዋጋ ሰጠ። አይሸጥም። በኦሮምኛ ይሻል ይሆናል ብሎ «ሂን ጉርጉራሙ» አለ፤ በኦሮምኛም ትርጉሙ ያው «ጨምር» ሆነ። ሰዎቹ ሞተሩን ረስተው ለክብራቸው ይፎካከሩ ጀመር። ሳይነዳ፣ ሳይነሳ፣ ከዳንቴሉ ሥር እንደተኛ የቤት ዋጋ ደረሰ።

«ምን ልበላቸው ታዲያ?» አለኝ ተጨንቆ።

«‹ይሸጣል› በላቸው። ‹ምን ቢሆን ነው የሚሸጠው› ብለው ጥለውህ ይሄዳሉ።»

አሰበበትና ራሱን ነቀነቀ። «ዋሽቼ ‹አይሸጥም› ብዬ አውቃለሁ» አለኝ። «ዋሽቼ ‹ይሸጣል› ግን አልልም።»

በኋላ ከአዲስ አበባ አንድ ሰው መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሱፍ ለባሽ። ያረጁ ሞተሮች ገዝቶ እንደሚያኖር ነገረን። ዳንቴሉን እንደ ሙሽራ መሸፈኛ በሁለት እጁ ገለጠው። ከዚያ ከነሱፉ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተኛና ባትሪ እያበራ ከሥር አየው። ሲነሳ ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ አጋንኜ አይደለም። «አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሌላ መኖሩን እንጃ» አለ። ዋጋውን የተናገረው ዘይነባ ሻይ ይዛ ስትገባ ነው።

ሸምሱ «ወስደው ምን ያደርጉበታል?» ብሎ ጠየቀው።

«አስቀምጠዋለሁ።»

«ተቀምጧል እኮ» አለው ሸምሱ በቅንነት። «ምን አደከመዎት?»

ሰውየው ሳቀ፤ ስልክ ቁጥሩን ትቶ ሄደ። ዘይነባ ግን አልሳቀችም። የሰማችው ዋጋ ባልና ሚስትን ሐጅ አድርሶ የሚመልስ ነበር። ዘይነባ ከልጅነቷ ጀምሮ መካን ማየት ነው ምኞቷ። እናቷ ይህንኑ ሲመኙ ሞተዋል፤ ሲሞቱም «አንቺ እንኳ እይልኝ» ብለዋታል። ይህን ለእኔ ስትነግረኝ ሁልጊዜ ድምፅዋ ይቀንስ ነበር።

አልተጣላችም። ጠባይዋም አይደለ። ማታ እራት ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው። «የልጆቼ አባት፣ ሐጅ አቅም ላለው ሰው ግዴታ ነው። አንተ አቅም አለህ ወይስ የለህም?»

«የለኝም።»

«እሱ የቆመውስ?»

«አይሸጥም።»

«እኔ አልገዛህም» አለችው። «አቅም ነው ወይስ አይደለም ነው ያልኩህ።»

ሸምሱ ሌሊቱን አልተኛም። ጠዋት ለእኔ አቀረበልኝ። ሞተሩ የሚሸጥ ከሆነ ሀብታም ነው፣ ሐጅ ግዴታው ነው። የማይሸጥ ከሆነ ደሃ ነው፣ ነፃ ነው። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ። እኔን ጴንጤዋን የፍርድ ወንበር ላይ ሊያስቀምጠኝ። «ሂድና ሼኹን ጠይቅ» አልኩት።

ሄደ። ሼኹ ሽማግሌ ናቸው፣ ከልጅነቱ ያውቁታል። «ከሚያስፈልግህ የተረፈ ንብረት ካለህ ሸጠህ ትሄዳለህ» አሉት። «የምትኖርበት ቤት፣ የምትሠራበት መሣሪያ፣ የምትጓዝበት መጓጓዣ ግን አይነካብህም።»

ሸምሱ የሰማው የመጨረሻውን ብቻ ነው። «እንግዲያው ሼኼ፣ ሞተሩ መጓጓዣዬ ነው» አላቸው።

«ሸምሱ» አሉት፣ «እኔ ዘንድ በእግርህ ነው እኮ የመጣኸው።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስነግራችሁ እመኑኝ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ቦርጩ ከባንኮኒው የሚቀድም ሰው ሞተር መንዳት ሊማር ተነሳ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ከነዳው መጓጓዣ ይሆናል፣ መጓጓዣ ከሆነ አይሸጥም። ከሂርና መካኒክ አስመጣ። መካኒኩ ዘይት ለወጠ፣ ቤንዚን ሞላ፣ ሲያባብለው ዋለ፤ ከሰዓት በኋላ ላይ ዶቅናው ተነሳ። ድምፁን ልገልጸው አልችልም። መንገዱ ሰማያዊ ጭስ ሆነ፣ የገበያው ፍየሎች ገመዳቸውን በጠሱ። ሸምሱ ብቻውን ቆሞ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር። ያን ያህል ደስ ብሎት ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

የዚያ ሞተር አነዳድ መቀመጥ አይደለም፣ በሆድ መተኛት ነው። ተኛበት። መካኒኩ «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቀው» አለው። ሸምሱ ለቀቀው። ከሱቁ ደጃፍ እስከ ፎዚያ ቲማቲም ድረስ ነዳ። ዕድሜ ልኩን የነዳው መንገድ ይኼው ነው፤ ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ ዳር እስከ ዳር አየሁት።

ሞተሩ በቀኝ ጎኑ ወድቆ የፊቱ ፕላስቲክ ከአፍንጫው እስከ ሆዱ ተሰነጠቀ። ሸምሱ ቲማቲም መሀል ተንበርክኮ ስንጥቁን በጣቱ እየተከተለ ይዳብሳል። ዘይነባ ጫማ እንኳ ሳታደርግ ከቤት ሮጣ መጣች። ሞተሩን አላየችውም። ሐጇ፣ የእናቷ አደራ፣ ያ ሁሉ ዋጋ መሬት ላይ ተሰንጥቆ ተኝቷል፤ ዘወር ብላ አላየችውም። ከባሏ አጠገብ ተንበረከከችና ራሱን፣ ክንዱን፣ ጉልበቱን ትዳብስ ጀመር። እሱ ሞተሩን ይዳብሳል፣ እሷ እሱን ትዳብሳለች።

«የት ጋ ነው ያመመህ?» አለችው።

«እኔ ደህና ነኝ፣ ይሄ ነው እንጂ…» ብሎ ጀመረና እጇን አየ። አልጨረሰውም። ዘይነባ ከጢሙ ላይ የቲማቲም ፍሬ ለቀመችለት። ፎዚያ እንኳ የቲማቲሟን ነገር አላነሳችም።

ሳምንት ሳይሞላ ሸምሱ ለአዲስ አበባው ሰው ደወለ። ሰውየው በጭነት መኪና መጣ፣ ስንጥቁን አየ፣ ከልቡ አዘነ፣ ቀድሞ ካለው በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ ተናገረ። እኔ ክሬን ጥዬ ተጠግቼ ነበር፤ የጭሮው ተከራካሪ የዕድሜውን ክርክር ሲከራከር ለማየት።

ሸምሱ «እሺ» አለ።

ገዢው ራሱ ግራ ገባው። የሚቀጥለውን ሲጠብቅ ቆመ። «እሺ አልኩዎት እኮ» አለው ሸምሱ። ዳንቴሉንም ራሱ አልብሶ፣ በራሱ እጅ ጫፉን ቋጥሮለት አሰናበተው። ሞተሩ እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ አስፋልቱን ወረደ።

በኋላ በቁጣ «ምን ነካህ? እኔ እንኳ ብሆን እጥፍ አስጨምረው ነበር» አልኩት።

«መከራከር ከጀመርኩ እንደማልሸጠው አውቃለሁ» አለኝ።

የተገኘው የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው። ዘይነባ «አንተ ሂድ» አለች፤ እሱ «አንቺ» አለ። የዘይነባ ወንድም በዚያው ዓመት ይሄድ ስለነበር አብራው እንድትሄድ ተወሰነ፤ ሸምሱ ቆይቶ ሊከተል። ስትመለስ ከመንገድ ማዶ ሆኖ «ሐጃ ዘይነባ!» ብሎ ይጠራት ነበር፤ የሚፈልጋት ነገር ኖሮ ሳይሆን ገበያው እንዲሰማ ነው። ስለ ሞተሩ አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም። እኔም አላነሳሁበት፤ በቀልድ የማልነካው ነገር ቢኖረኝ እሱ ብቻ ነው። የስኳር በሽታ ይዞት እየጸናበት ሄደና መከተሉ ቀረ።

ከሂርና ስደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። ሴቶቹ መሀል ገብቼ ከዘይነባ አጠገብ ተቀመጥኩ። አቅፋኝ አለቀሰች። ሰዉ ሳሳ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አስቴር፣ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለኝ» አለችኝ። «መካ ስሄድ የምለምነውን ሁሉ ከቤቴ አጥንቼ ነበር። ለልጆቼ፣ ለእናቴ ነፍስ፣ ለእሱ ጤና። ካዕባ ፊት ስቆም ሁሉም ጠፋብኝ። አፌ ላይ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«ምን?»

«‹ያ ረቢ፣ ሞተሩን መልስለት›።»

ሁለታችንም በሻርፓችን አፋችንን ይዘን ተንቀጠቀጥን። ለቅሶ ደራሹ የምናለቅስ መሰለው። እያለቀስንም ነበር።

«ነገርሽው?» አልኳት።

«እንዴት ብዬ? ‹ሞተሬን ሸጬ የላኩሽ ሞተሬን ልትለምኚ ነው?› አይለኝም?»

ይላት ነበር፤ ጥርጥር የለኝም። በሳቅ ይገላትም ነበር። ግን አውቀዋለሁና፣ ይህን ቢሰማ በነጋታው ሱቁን ቀድሞ ከፍቶ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ አስፋልቱን ቁልቁል ያይ ነበር። ምናልባት የመጣ እንደሆነ።